የባላምባራስ ቤት ሰው

«ወንድሜ ከፈለኝ፣ ምነው ሳትሰናበተኝ» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች የመጣችው በየነች የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ ከራሱ ከከፈለኝ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ከፈለኝ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለሟች በማያምር ጤንነት ቆሟል።

«አለሁ እኮ» አላት፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው።

በየነች እጇን ከደረቷ አላነሳችም። ያን ያህል መንገድ ያለቀሰ ሰው በአንድ ጊዜ እንዴት ያቁም። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ንጋቷ ናት።»

«የትኛዋ ንጋቷ?»

«የኛዋ።»

«እ... ንጋቷ።» ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጥቂት አሰበች። «ነፍስ ይማር። እኔኮ ሊጥ ጥዬ ነው የወጣሁት» አለችና የመጣችበትን ጭቃ እየመረጠች ተመለሰች።

በዚያ ጠዋት ሚዛን ተፈሪ ላይ እንዲህ እያለቀሰ መጥቶ እየተሽኮረመመ የተመለሰው ሰው ቀላል አልነበረም። ጥፋቱ የጥሩምባ ነፊው አይደለም፤ እሱ የተነገረውን ነው የጮኸው። «ከባላምባራስ ብርሃነመስቀል ቤት ሰው አርፏልና ለቀብር ውጡ» ነበር ያለው። ከዚያ ቤት የቀሩት ወንድምና እኅት ብቻ መሆናቸውን ሰፈሩ ያውቃል። እኅትየው የዓለምዘርፍ ደግሞ ማምሻውን በረንዳዋ ላይ ሆና የልብስ ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ታይታለች። እንግዲህ የሞተው ከፈለኝ መሆን አለበት። ንጋቷ ከሁለቱም በፊት እዚያ ቤት የገባች ብትሆንም፣ የቤቱን ሰው ሲያስብ እሷን የሚያስብ አልነበረም።

የዓለምዘርፍ በመስኮት ሆና የሚመለሱትን ሰዎች ጀርባ ታያለች። ፊቷ ይቃጠላል። ጥሩምባ ነፊው የጮኸውን ቃል የሰጠችው እሷ ነበረች።

ገና ሊነጋጋ ሲል ነው የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን ይዘው የመጡት። ጥያቄያቸው አጭር ነበረች።

«ምንሽ ናት ብዬ ላስነፋ?»

የዓለምዘርፍ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«እናት ከሆነች ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ እስከ ሠልስት ሰው ያድራል። ሠራተኛ ከሆነች ደንቡ አያውቃትም። እናቴ ናት በይና ልገላገል፤ ጡት አጥብታሽ የለ?»

«እሷን እናት ካልንማ የገዛ እናታችን ከመቃብር ተነሥታ ትወቅሰናለች» አለ ከፈለኝ ከጓዳ። ታላቋ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የመጨረሻውን ቃል እሱ እንዲናገር ተለምዷል።

የዓለምዘርፍ ቃል ፈለገች። «ሠራተኛ» እንዳትል፣ ሠራተኛ ደመወዝ አለው፣ ሲመረው ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ቃል ደግሞ በዚያ ቤት ግድግዳው ሁሉ የሚያውቀው፣ ግን ማንም አፉ ላይ የማያሳድረው ቃል ነበር። «የቤታችን ሰው ናት በሏቸው» አለች በመጨረሻ። አቶ ገብረወልድም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ድንኳኑን ግን ሳይከለክሉ ሄዱ። ከተማውን ለከፈለኝ ያስለቀሰው ይኸው ነው።

በእርግጥ ንጋቷ የሞተችው እዚህ ቤት አይደለም። ሁለት ክረምት አልፏል ቁርበቷን ጠቅልላ ከወጣች። ከገበያው በታች ቀበሌ በሰጣት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እታገኝ ከምትባል ልጅ ጋር ነበር የምትኖረው። እድርተኛው ግን የባላምባራስ ቤት እንጂ እሷ ስላልሆነች ሬሳዋ ወደዚሁ ግቢ መምጣት ነበረበት። በእግሯ የወጣችበትን በር በቃሬዛ ተመልሳ ገባችበት።

እታገኝ ከቃሬዛው ኋላ ስትከተል አላለቀሰችም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆመች፤ ገብታ እንደማታውቅ ሰው ሳይሆን፣ መግባት እንደማትፈልግ ሰው። ከዚያ ገባች።

ቀብሩ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። ሙሾ የሚያወርዱት እማማ ማናልሞሽ ነበሩ። እማማ ማናልሞሽ ያለ ዘር አያለቅሱም፤ የሟችን አባት፣ አያት፣ አገር ጠይቀው ነው ግጥሙን የሚያሰናዱት። «የማን ልጅ ልበላት?» አሉ ወደ የዓለምዘርፍ ጎንበስ ብለው።

የዓለምዘርፍ አታውቅም። ከፈለኝን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። አርባ ዓመት አልፏት ስንቴ የንጋቷን ስም እንደጠራች ሰማይ ይቁጠረው፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ግን አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«የባላምባራስ ቤት ሰው በሏት፤ ይበቃል» አለ ከፈለኝ።

እማማ ማናልሞሽ የተሰጣቸውን ይዘው ተነሡ።

የባላምባራስ ቤት ምሰሶው ወደቀ፣
ያ ሁሉ ሠራዊት ያ ጋሻው አለቀ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። በቅሎው ተነሣ፣ ጠመንጃው ተነሣ፣ ባላምባራስ በማጂ መንገድ የጣሉት ጎሽ ተነሣ። ንጋቷ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የተለቀሰው ለገዛት ሰው ነበር። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሀጂራ ወደ አቶ ገብረወልድ ጆሮ ጠጋ ብላ «ጋሽ ገብሬ፣ ማንን ነው የምንቀብረው? በዚህ ዘመን ፊውዳል አስለቅሳችሁ እኔንም እንዳታሳስሩኝ» አለቻቸው። አቶ ገብረወልድ መስማት እንደተሳናቸው ሆኑ። ሲመቻቸው ይሳናቸዋል።

በማግስቱ ዝናቡ ከቤንች ኮረብቶች ወርዶ ድንኳኑን ሲደበድብ ዋለ። በየነች ሊጧን ጋግራ ጨርሳ፣ በድስት ሙሉ ንፍሮ ይዛ ተመለሰች። ሐፍረት እንደሷ ያለውን ሰው ለጋስ ያደርጋል። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ግን ዓይኗ ጥግ ላይ ነበር።

«ይህች ልጅ ደግሞ ምኗ ናት?» ብላ አንሾካሾከች።

እታገኝ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ፣ ጥጉ ጋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ያለቻትን አንድ ቀሚስ ድስት ውስጥ ቀለም ነክራት ነው፣ ቀለሙ አንገቷ ላይ ወርዷል። የዓለምዘርፍ ግን እንግዳ እንደምታስተናግድ ባለቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፤ ነጠላዋን የለበሰችውም እንደማንኛውም ጎረቤት ነው። ለእናት የሚለበሰውን እንዳትለብስ እናቷ አይደለችም፤ ለሠራተኛ ምንም አይለበስም፤ ለንጋቷ ምን እንደሚለበስ የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

«ያቺ ከመጋዘኑ የወጣችው ናት» አለች ሌላዋ።

«እሷ ናት እንዴ? ዝም በይ፣ የዓለምዘርፍ እየሰማች ነው።»

የዓለምዘርፍ ሰምታለች። ተነሥታ የእጅ ማስታጠቢያውን ኩስኩስት ከመደቡ ላይ አነሣች፣ ሥራ ያገኘች ለመምሰል። ነሐሱ ቀዘቀዛት። ሳታነሣው ብትቀር ይሻላት ነበር።

ምክንያቱም ኩስኩስቱ የንጋቷ እጅ ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ እንግዳ በልቶ ሲያበቃ ንጋቷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሳህኑን በግራ፣ ኩስኩስቱን በቀኝ ይዛ ትዞራለች። ያን ጊዜ ነው ባላምባራስ ሁሌ ያችን ጨዋታ የሚያመጧት። «ይህችን በበቅሎ ነው የለወጥኳት። ከማጂ ሲነዷቸው መንገድ ላይ አገኘሁና በቅሎዬን ሰጥቼ ወሰድኳት። ሲነጋ ቤቴ ገባን፤ ንጋቷ አልኳት» ይላሉ። ከዚያ ይተክዛሉ። «ያቺ በቅሎ ግን... እንደሷ ያለች ሰጋር ዳግመኛ አላገኘሁም።» እንግዳው ይስቃል። ንጋቷም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ከኩስኩስቱ የሚወርደው ውኃ አይቋረጥም፣ አንዲት ጠብታ መሬት አትነካም።

ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ትንሿ የዓለምዘርፍ ነበረች። ትምህርት ቤት ወስዳ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታታለች። አንድ ቀን ንጋቷ ፀጉሯን ስትሠራት «በቅሎዋ ግን ምን ዓይነት ነበረች?» ብላ ጠየቀቻት።

«ዳማ ነበረች እሜቴ። ስትሄድ ዞር ብላ አይታኛለች» አለች ንጋቷ፣ ሽሩባውን ሳታቋርጥ።

ጣልያን ወጥቶ ንጉሡ ሲመለሱ ባርነት ቀርቷል የሚል አዋጅ ተነገረ። ባላምባራስ ሕግ አክባሪ ሰው ነበሩ። ንጋቷን ጠርተው «ነፃ ወጥተሻል» አሏት። ቀጥለውም «በይ እራት አቅርቢ» አሉ። እራት ቀረበ። እንዲህ ሆኖ አብዮቱ ደረሰ፤ መሬት ተወረሰ፤ ባላምባራስ ሞቱ። ንጋቷ ግን ማታ ማታ ወደ መሠረተ ትምህርት መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ «የዓለምዘርፍ፣ ደህና አመሸሽ?» አለቻት። «እሜቴ» የለም። የዓለምዘርፍ ደህና አመሸሁ አለች፤ ያን ዕለት ማታ ግን እራት አልበላ አላት። እሷ ራሷ ሃያ ዓመት የምትበልጣትን ሴት አንድ ቀን «እትዬ» ብላ ጠርታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

ከዚያ የመጋዘኑ ነገር መጣ። ከፈለኝ ቡና ነጋዴ ነው። ከማጂ ወገን አንዲት ልጅ «ላሳድጋት» ብሎ አምጥቶ፣ መጋዘኑ ውስጥ ቡና ሲያስለቅማት ይውላል፤ ማታ ከጆንያው ጋር ይቆለፍባታል። ንጋቷ ይህን የሰማች ዕለት ሄዳ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠች። ዝናብ መጣ፣ አልተነሣችም። ከፈለኝ ወጥቶ ለመናት።

«ንጋቷ፣ በእናትሽ፣ ሰው አስቆጣሽብኝ። ግቢና እሳት ሙቂ።»

«ልጅቷ ትውጣ።»

«ምን አደረግኳት? ትበላለች፣ ትለብሳለች። እንደ ቤተሰብ ናት።»

«እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አለች ንጋቷ። «አዝዬህ ያደግክ ልጅ ነህ፤ ክፉ ልናገርህ አልፈልግም። ልጅቷ ትውጣ።»

ሀጂራ የማኅበሩን ሴቶች አስከትላ መጣች። ነገሩ ቀበሌ ሸንጎ ፊት ቀረበ። የዓለምዘርፍ ምስክር ተጠራች። ቁልፉን አይታዋለች፣ የልጅቷን እግር አይታዋለች። ንጋቷ ከፊት ለፊቷ ቆማ እርጥብ ነጠላዋን ስትጨምቅ እያየች፣ የዓለምዘርፍ «እንደ ቤተሰብ ናት» ብላ መሰከረች። ሸንጎው አላመናትም፤ ልጅቷ ወጣች። ንጋቷ ግን ያን ዕለት ምንም ሳትናገር ቁርበቷን ጠቀለለች። የዓለምዘርፍን ሰድባት ብትሄድ ኖሮ ይቀላት ነበር።

ኩስኩስቱን መልሳ መደቡ ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። እታገኝ ቀድማት ወጥታ፣ ከእንሰቱ ሥር ጉልቻ ላይ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በበርበሬ ታፈላለች፤ አገሬው ጨሞ የሚለውን። እማማ ንጋቷ ትወደው ስለነበር ለለቅሶተኛው ላቅርብ ብላ ነው።

የዓለምዘርፍ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እታገኝ፣ ስሟን ነግራሽ ታውቃለች? የድሮ ስሟን? የአባቷን?»

«ረስታው ነበር» አለች እታገኝ።

«ስሟን?»

«ስሟን። እናቷ ጨሞ በቅል ስትሰጣት ትዝ ይላታል። በቅሉ ጠርዝ ላይ የተሰነጠቀ ነበር። ሌላው ጠፍቶባታል። የሚጠራት ሲጠፋ ጊዜ ጠፋብኝ አለችኝ።» ማማሰያውን አዞረች። «ለዚህ ነው ማታ ማታ የኔን የምታስጠራኝ። ስምሽ ማን ነው ትለኛለች፣ እነግራታለሁ። የአባትሽስ? የወንዛችሁስ? ሳልጠራ አልተኛም።»

«ስምሽ እታገኝ አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ይህ ነው የከፋው። «እታገኝ ያሉኝ ጋሽ ከፈለኝ ናቸው» አለች። ከዚያ እናቷ ያወጣችላትን ስም ነገረቻት። የዓለምዘርፍ ልትደግመው ሞከረች፤ ምላሷ ላይ ተሰበረ። ልጅቷ አላረመቻትም።

በሠልስቱ ጠዋት ከፈለኝ ቀድሟት ተነሥቶ ጠበቃት። «ዓለምዬ፣ ዛሬ ደግሞ ያቺ አልቃሽ አሮጊት መጠየቋ አይቀርም። ሀጂራም ንግግር አዘጋጅታለች አሉ፤ ጭቁን ሴት ምናምን። አንቺ እናቴ ናት በይ። እኔም ተስማምቻለሁ።»

«ከትናንት ወዲያ እምቢ ያልክ ሰው?»

«ያን ዕለት ሌላ ነው። ባሪያ ነበረች ከተባለ የባላምባራስ ልጆች የሚለው ይነሣል። የመጋዘኑም ነገር ይነሣል። የንግድ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ምን ልበላ ነው? አንቺንስ የስፌት መኪናሽን ቢወስዱብሽ?»

የዓለምዘርፍ በረንዳው ላይ ያለውን መኪናዋን አየች። የሚለው ሐሰት አልነበረም። በትንሽ በትልቁ ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነው።

ድንኳኑ ሞላ። ለከፈለኝ አልቅሰው የተመለሱት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለንጋቷ ተመልሰው መጥተዋል። እማማ ማናልሞሽ መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ወደ የዓለምዘርፍ ዞሩ።

«ልጄ፣ በቀብሩ ዕለት በሰው ዘር አስለቀስሽኝ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስቲ ዛሬ ንገሪኝ፤ የማን ልጅ ልበላት?»

ከፈለኝ አሳለ። አቶ ገብረወልድ የድንኳኑን ምሰሶ አዩ፣ ከዚያ ሰው ለማዳን እንደሚፈጥን ሰው «የዓለምዘርፍ እናት ነበረች፤ እሱን ይዘው ያልቅሱ እንጂ» አሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እንዴት ያምራል። እናቴ ብላ ብታለቅስ ሁሉም አብሯት ያለቅሳል፣ ደግ ልጅ ናት ይባላል፣ ድንኳኑም ተገቢ ይሆናል። የዓለምዘርፍ ቃሉ አፏ ውስጥ ሲጣፍጥ ተሰማት። መጣፈጡ አስደነገጣት። ጥጉ ጋ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ አትለምናትም፣ አትፈርድባትም፤ ከዚህ ቤት ምንም እንደማይጠብቅ ሰው ብቻ ታያታለች።

«እናቴ አይደሉም» አለች የዓለምዘርፍ።

ሰው ማንን እንደምትል ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። በዚያ ግቢ ንጋቷን አንቱ ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም።

«እናቴ ቢሆኑ ስማቸውን አውቅ ነበር። እትዬ ንጋቷ አባቴ በበቅሎ የገዟቸው ባሪያ ነበሩ። በዚህ ቤት እንደ ጨዋታ ስናወራው ኖረናል፤ እኔም ስቄበታለሁ። የማን ልጅ እንደሆኑ አላውቅም። ያላወቅሁት የሚያውቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ሳልጠይቃቸው ነው የረሱት። ይህችን ልጅ ከመጋዘን ሲያወጧትም፣ ቁልፉን እያየሁ በሐሰት የመሰከርኩባቸው እኔ ነኝ። ይህን ይዘው ያልቅሱ እማማ።»

ከፈለኝ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው፤ አሁን ነበር የሞተ የሚመስለው። ሀጂራ ልትናገር ተነሥታ ነበር። ዙሪያዋን አየች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ የሻርፗን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

እማማ ማናልሞሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሲጀምሩ ድምፃቸው የቀብሩ ዕለት የነበረው አልነበረም።

በበቅሎ የገባች በሰው ጫንቃ ሄደች፣
የሁሉን እጅ አጥባ ሳትታጠብ ቀረች።

ከተቀበሏቸው ሁሉ በየነች ነበረች ከፍ አድርጋ ያለቀሰችው። በዚህ ጊዜ ለማን እንደምታለቅስ ታውቃለች።

ለቅሶው ሲበርድ እህል ቀረበ። በየነች ኩስኩስቱን አንሥታ፣ እንደ ወጉ ከአቶ ገብረወልድ ልትጀምር ጎንበስ ስትል፣ የዓለምዘርፍ መጥታ ከእጇ ወሰደችው። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ነጠላዋን ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ መቼ እንዳዞረችው ያየ የለም። እጃቸውን የዘረጉትን አቶ ገብረወልድን አለፈች፣ አግዳሚውን ሁሉ አለፈች፣ ምንጣፉ ጋ ደርሳ በጉልበቷ ተንበረከከች።

ልጅቷ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። «እርስዎ? ይተዉ እኔ...»

«ዘርጊ።»

ዘረጋች። ጣቶቿ በቡና ልጣጭ ጠቁረዋል። የዓለምዘርፍ ኩስኩስቱን አዘነበለች፤ አስታጥባ ስለማታውቅ ውኃው በዛ፣ ከሳህኑ ዘሎ ምንጣፉን፣ የገዛ ጉልበቷን አራሰው። እንደዚያው እያፈሰሰች ልጅቷን እናቷ ባወጣችላት ስም ጠራቻት። ስሙ ዛሬም ምላሷ ላይ ተሰበረ።

«እንዲህ አይደለም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፤ ራሷ ጠርታ አሰማቻት።

የዓለምዘርፍ ደገመችው። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ገና ነው። ውኃው እየፈሰሰ እንደገና ደገመችው።